የእርሳስ ጣራ

በአሳማችን ቤት ግድግዳ፣ ከገንዳው በላይ በስተቀኝ፣
አንድ የድንጋይ ፊት አለ፤ ተዘቅዝቆ የሚያየኝ።
አፍንጫው ተሸርፏል፣ ጉንጩ ግን እንደ ሞላ ነው፤
«አባ ዝቅዝቅ» ይለዋል አባቴ፤ ስም ያወጣለት እሱ ነው።
ከየት እንደ መጣ በሃርንዴል የማያውቅ የለም፤
የሁላችንም ቤት ከዚያው ነው፣ ከወንዙ ዳር ገዳም።

መጀመሪያ አሥራ ሦስት ነበሩ፤ በበረዶ የመጡ፣
እሾህና ረግረግ ተሰጥቷቸው «ተመስገን» ብለው የተቀመጡ።
የሰሜን እንግሊዝ ባላባት ያን መሬት መቼ ወደደው!
ለነፍሱ ብሎ ሰጠ እንጂ፣ ለበጉማ መች ሆነው።
ዝም ባዮች ነበሩ። ጨው ሲፈልጉ በጣት፣
ዓሣ ሲፈልጉ መዳፍ አወዛውዘው እንደ ጅራት።
በዚያ ሸለቆ ቀን ከሌት ቃል ያባክን የነበረው
ሃርን ወንዝ ብቻ ነው፤ አበምኔት ያልገሠጸው።

ድንጋይ ጠራቢው ጋሜል ግን መነኩሴ አልነበረም፤
ሚስት ነበረው፣ ዕዳ ነበረው፣ ምላሱም ዝም አይልም።
መጋቢው ቱርስታን የሁለት ቀን ምንዳ ቢቆርጥበት
ጉንጩን እንደ ከረጢት ነፍቶ በጓዳው በር ላይ ቀረጸበት።
ሦስት መቶ ዓመት መነኮሳት ለራት ሲያልፉ በዚያ በር
ቀና ብለው ያዩታል፤ ሳቅ ነውር ነውና
ይውጡታል ከዳቦው ጋር።

ጣራው እርሳስ ነበር፤ ዝናብ ሲመታው የሚያጉረመርም።
ብራናውንም የሚያሰምሩት በእርሳስ ነው፣ ቃል እንዳይጣመም።
አንዱ እርሳስ ውሃ ሲመልስ፣ አንዱ እርሳስ ፊደል ሲያሰልፍ፣
እንዲህ አረጁ፤ በግ ሲወልድ፣ ሱፍ ሲሸጥ፣ ዘመን ሲያልፍ።

ወረርሽኙ የገባ ዓመት፣ ቀባሪ ታጥቶ ሬሳ ሲከማች፣
የወፍጮ ቤቷ ዊማርክ፣ የራሷን ባል ቀብራ የመጣች፣
ሴት የማታልፈውን በር በአካፋዋ ገፍታ ገባች።
አርባ አንድ ቀበረች።
በመዝገቡ ስሟ የለም። ያለው፦ «ለአፈር ሥራ፣ አጃ፣ አንድ ቁና።»
ስሟን የያዘው መንደሩ ነው፤ መንደር አይጽፍም፣ አይረሳምና።

ኋላ የንጉሥ ሰው መጣ፤ ሚዛን በእጁ፣ ማር ባንደበት፦
«ሸክማችሁን ሊያቀል ነው የላከኝ፣ አዝኖላችሁ በእውነት።»
ቆጠረ። ጽዋ፣ ማንኪያ፣ አምስት ደወል፣ ሰባት ቀፎ።
መነኮሳቱን አልቆጠረም።
የመዘምራኑን ወንበር ፈልጦ እሳት አነደደ፤
ዝናብ የመለሰው ጣራ እንደ ዝናብ ወረደ።
ሰማይ ያን ቀን ገባ፣ ሳያንኳኳ፣ ቆብ ሳያወልቅ።

ግን እውነቱን እንናገር። ንጉሥ ጣራ ነው የወሰደው፤
ግድግዳውን ጎረቤት ነው በጋሪ በጋሪ የናደው።
የእኔ ሰዎች ናቸው፤ በጨረቃ፣ የጋሪውን ጎማ በጨርቅ ጠቅልለው፣
ለምድጃ፣ ለበረት፣ ለድልድይ፣ «ወድቆ አገኘነው» ብለው።
መጋቢው እንዲህ ደረሰን። ዘቅዝቆ ያስገባው ግንበኛ
ቸኩሎ ይሁን ዓይኑን ፈርቶ፣ የነገረን የለም ለእኛ።

አምና ከቅርስ መሥሪያ ቤት አንዲት ወጣት መጥታ
አሳማዎቹን አልፋ፣ ፊቱን በባትሪ አይታ፣
«ወደ ቦታው ይመለስ» አለች።
አባቴ ጥቂት አሰበ። «እሺ፤ ግን ሁሉም ይመለሳ!
የቄሱ ቤት፣ መጠጥ ቤቱ፣ ይኼ በረት፣ ድልድዩም ይነሣ።
ድልድዩ ከተነሣ ግን፣ ልጄ፣ በየት በኩል ትሄጃለሽ?»
ሳቀች። ፎቶ አንስታ ሄደች፤ በድልድዩ።

እኔ ቅዳሜ ንጋት ላይ ከፈረሰው መስኮት ትይዩ
ዓሣ አጠምዳለሁ። በመስኮቱ አሁን የሚገባ የሚወጣው ቁራ ነው።
መንጠቆዬን የሚያሰምጠው እርሳስ፣ ከጎርፍ በኋላ ከአሸዋው ያገኘሁት፣
እንደ ባቄላ ያለ፣ ቀዝቃዛ፣
የአውራ ጣት የሚያህል ጎድጎድ ያለበት ነው።
የማን ጣት? አላውቅም። የእኔ ልክ ይገባበታል።

ከማዶ ሄስኬዝ እጁን አፉ ላይ አድርጎ
«ያዝክ ወይ?» ይለኛል።
ሃርን ድምፄን ስለሚውጠው፣ አልጮህም፤
መዳፌን አንስቼ
እንደ ጅራት አወዛውዛለሁ።